የጥንታዊ ግብፅ ግብር፦ ከአባይ ሙላት እስከ ንጉሡ ጎተራ

በፈርዖኖች ዘመን ግብፃዊው ገባር ግብሩን የሚከፍለው በእህል፣ በከብት፣ በቆዳ፣ በተልባ እግር ጨርቅ፣ በማርና በጉልበቱ ነበር። ሳንቲም የተለመደው እጅግ ዘግይቶ ነው። መንግሥትም የሰበሰበውን እህል ለሠራተኛውና ለወታደሩ መልሶ በቀለብ መልክ ይሰፍር ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሥርወ መንግሥታት ንጉሡ በየሁለት ዓመቱ ከነአጀቡ አገሩን እየዞረ ያስገብር ነበር። የከብት ቆጠራውም ያን ያህል የጸና ሥርዓት ስለነበር ዘመን ይቆጠርበት ጀመር።

የእህል ግብር ግን የሚወሰነው በውሃው ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የዘነበው የክረምት ዝናብ አባይን ሲሞላው፣ ከፍታው በክንድ፣ በመዳፍና በጣት ይለካና ይመዘገባል። ሙላቱ ካነሰ ከፍ ያለው ማሳ ሳይጠጣ ይቀራል፤ ከበዛ ደግሞ ግድብ ጥሶ መንደር ይወስዳል። ሮማዊው ፕሊኒ እንደጻፈው 12 ክንድ ረሃብ፣ 16 ክንድ ደስታ ነው።

ሰብሉ ገና ሳይታጨድ ቀያሾች ይወጣሉ። መለኪያቸው እንደኛው ቀላድ ያለ፣ 100 ክንድ (52 ሜትር ተኩል ያህል) የሚረዝም ባለ ቋጠሮ ገመድ ነው። በሉክሶር የሚገኘው፣ ሜና የተባለ የማሳ ጸሐፊ መቃብር ግድግዳ ይህን ሥራ ያሳያል፦ ገመዱ ተወጥሯል፣ ጸሐፊዎቹ ብዕርና ቀለም ይዘው ይከተላሉ። እዚያው ግድግዳ ላይ በዱላ የሚደበደብ ሰውም አለ። በየጎኑ 100 ክንድ የሆነው መሬት፣ ግሪኮች አሩራ ያሉት፣ ከሩብ ሄክታር ጥቂት ይበልጣል። በፈርዖኑ ራምሴስ አምስተኛ 4ኛ ዓመት የተጻፈውና ከ10 ሜትር በላይ የሚረዝመው የደንገል ጥቅል፣ የዊልቡር ፓፒረስ፣ 2,800 ያህል ማሳዎችን ይዘረዝራል። እንደ መሬቱ ዓይነት ለአንድ አሩራ 5፣ 7 ተኩል ወይም 10 ጆንያ ገምቷል፤ አንዱ ጆንያ 76 ሊትር ገደማ ይይዛል።

ጣጣው የሚጀምረው ከግምቱ ነው፤ መዝገብ ላይ የሰፈረው ቁጥርና አውድማ ላይ የተገኘው እህል ሁልጊዜ አይገጥምም። ሜሪሬ የተባለው፣ በደቡብ ግብፅ ያለችው የኤለፋንታይን ደሴት ከንቲባ ለዋናው ግብር ሰብሳቢ አቤቱታ ጽፏል። 100 ጆንያ ገብስ አምጣ ተብሎ ነበር፤ እሱ ግን ግብር ከተጠየቀባቸው መሬቶች አንዱን ጨርሶ እንዳላረሰው፣ በሌላው ላይ ውሃ ያገኘው 4 አሩራ ብቻ መሆኑን፣ ከዚያ የተገኘውንም 40 ጆንያ ምንም ሳያጎድል ማስረከቡን ይናገራል። አቤቱታ መጻፍ የሚችለው እንደ እሱ ያለ ሹም ነው፤ ተራው ገበሬ ምን ብሎ እንደመለሰ አልተጻፈም።

ሁለተኛው ቀዳዳ መጓጓዣው ነበር። ክኑምናክት የተባለ የጀልባ አዛዥ በየዓመቱ ለኤለፋንታይን የክኑም አምላክ ቤተ መቅደስ 700 ጆንያ ማድረስ ሲገባው፣ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ5,000 ጆንያ በላይ አጉድሎ ተከሷል። ፈርዖን ሆረምሄብም ሕዝቡን የሚዘርፉ ሹማምንት አፍንጫቸው ተቆርጦ ወደ ድንበሩ ምሽግ ወደ ቻሩ እንዲጋዙ፣ ከገበሬ ቆዳ የሚነጥቅ ወታደርም 100 ዱላ እንዲቀምስ ደንግጓል።

ጎተራው ሲጎድል ደመወዝ ይቆማል። በዴር ኤል መዲና መንደር የሚኖር አንድ የንጉሥ መቃብር ሠራተኛ በወር 4 ጆንያ ስንዴና 1 ተኩል ጆንያ ገብስ ይሰፈርለት ነበር። በራምሴስ ሦስተኛ 29ኛ ዓመት ቀለቡ ሲዘገይባቸው ሥራ አቁመው ቤተ መቅደስ ደጃፍ ተቀመጡ።

የጉልበት ግብሩ ከሞት ወዲያም ይፈራ ነበር። ሟቹ በወዲያኛው ዓለም ለመስኖ ወይም አሸዋ ለማመላለስ ቢጠራ፣ በእሱ ፈንታ «አቤት» የሚል ትንሽ ምስል አብሮት ይቀበራል። ሻብቲ ይባላል።

ቤተ መቅደሶች ደግሞ በንጉሥ አዋጅ ከግብርና ከግዳጅ ሥራ ነፃ የሚሆኑበት ጊዜ ነበር። በ196 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተቀረጸው የሮዜታ ድንጋይ ካህናት ለንጉሥ ፕቶሎሚ አምስተኛ ያወጡት የምስጋና ውሳኔ ሲሆን፣ ከተቀነሱላቸው ግዴታዎች መካከል የጥሩ በፍታ ጨርቅ ግብር ሁለት ሦስተኛው ይገኝበታል። ፕቶሎሚ በተባሉት የግሪክ ዘር ነገሥታት ዘመን የጨው ግብር በገንዘብ ይከፈል ጀመር፤ ደረሰኙ የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ በሸክላ ስባሪ ላይ ነበር።