አባታችሁ ጅማ እንዴት እንደገቡ ጠይቋቸው

ሰላም ወገኖቼ። ጊዜው የቡና ለቀማ ነውና ዘዳግም 26ን አብረን እንይ። እስራኤላዊው ገበሬ የመጀመሪያውን ፍሬ በእንቅብ ይዞ ይመጣል። ካህኑ ተቀብሎ በመሠዊያው ፊት ያኖርለታል። ከዚያ ገበሬው ስለ ምርቱ ብዛት አይናገርም። አባቱ አገር የሌለው ስደተኛ እንደነበረ፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር ግብፅ እንደወረደ፣ እዚያም መከራ እንዳየና እግዚአብሔር ጩኸታቸውን ሰምቶ እንዳወጣቸው ነው የሚናገረው። የአባት ስደት በእግዚአብሔር ፊት እንዲነገር ታዟል ማለት ነው!

እዚህ ጅማ ብዙዎቻችን ወላጆቻችን ከሌላ አገር የመጡ ነን። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከከምባታ፣ ከዳውሮ፣ ከጉራጌ፤ ማን በእግሩ፣ ማን በጭነት መኪና፣ ጊቤን ወይም ጎጀብን ተሻግረው የቡናን ስም ሰምተው የመጡ ናቸው። የእኔ አባት ከወሎ ሲመጡ ገና ጢም አላበቀሉም ነበር። መጀመሪያ አጋሮ አካባቢ እሸት ቡና ለቀሙ፤ ክፍያው በለቀሙት ልክ ነው፣ ዝናብ ከመጣ የለም። በኋላ ጅማ ገብተው ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) የሞላ ጆንያ ከመኪና ሲያወርዱ ኖሩ። ትከሻቸውን ዛሬም ያማቸዋል።

አንዳንድ ልጅ "አባቴ ኩሊ ነበር" ማለት ያፍራል። ለምን? ያዕቆብ እኮ የሰው በግ ጠባቂ ነበር። ዘፍጥረት 31 ላይ አሠሪውና አማቱ በሆነው በላባን ፊት ቆሞ ሲናገር ስሙት፦ 20 ዓመት አገለገልኩህ፣ ቀን ሐሩር ሌሊት ብርድ ፈጀኝ፣ እንቅልፍ ከዓይኔ ራቀ፣ ደመወዜንም አሥር ጊዜ ለዋወጥክብኝ። መንፈስ ቅዱስ ይህን የደመወዝ ክርክር ተራ ነገር ነው ብሎ አልዘለለውም። ስለዚህ አባታችሁ "ያ ነጋዴ ሒሳቤን ቆርጦ አስቀረብኝ" ብለው ለስንተኛ ጊዜ ሲያወሩ "ሰምተነዋል እኮ" አትበሏቸው። እናታችሁም መጋዘን ቁጭ ብለው ቡና ሲያበጥሩ ወገባቸው እንዴት እንደጎበጠ ሲነግሯችሁ ስልካችሁን አስቀምጡ። ምሳሌ 23፥22 የወለደህን አባትህን ስማ፣ እናትህም ስታረጅ አትናቃት ይላል። መጀመሪያ የመጣው ትእዛዝ "ስማ" ነው።

በየወሩ ብር መላክ ጥሩ ነው፣ ይገባልም። ጌታም በማርቆስ 7 ለወላጅ የሚገባውን "ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ" እያሉ የሚያስቀሩትን ገሥጿል። ይህ ሳምንቱን ሙሉ በአገልግሎት ተጠምደን ቤት ያሉ አረጋውያንን ዞር ብለን ለማናይ ለእኛም ይሠራል።

በቀስታ ጠይቋቸው። ጅማ የገባችሁ ቀን የት አደራችሁ? የመጀመሪያ ደመወዛችሁን ምን አደረጋችሁበት? ማልቀስ ከጀመሩ አታቋርጧቸው፣ መናገር ካልፈለጉም ተዉአቸው። በረሃብ ዘመን የመጡ አሉ፤ በመንገድ ሰው የቀበሩ አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ መጀመሪያ ያበላችሁ ማነው? አባቴን ያስጠጓቸው፣ አባቴ ቡናቸውን ይለቅሙላቸው የነበሩ ሙስሊም አባት ናቸው፤ ቋንቋ እንኳ ሳይግባቡ ከልጆቻቸው ጋር አንድ ገበታ አስቀመጧቸው። ለእናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል። ልጆቻቸው እዚሁ አካባቢ ካሉ አፈላልጓቸው፣ አባታችሁን ወይም እናታችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ አመስግኗቸው።