ዳዊት መድገም ምንድን ነው?

ዳዊት መድገም ማለት መዝሙረ ዳዊትን በየዕለቱ ከፋፍሎ፣ ድምፅን አሰምቶ መጸለይ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ንባቡን የጨረሰ ልጅ «ዳዊት ደገመ» ይባላል፤ ለምእመን ግን ዳዊት የሚጨረስ መጽሐፍ አይደለም።

150ው መዝሙር አሥር አሥር እየሆነ በ15 «ንጉሥ» ይከፈላል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ይደረሳል። የእሑዱ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ዓርብ ሁለት ንጉሥ ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ 118ኛው መዝሙር ግን ብቻውን 176 ቁጥር አለው፤ በዚያ ቀን ቀደም ብሎ መነሣት ነው። ቁጥሩም የግእዙ መሆኑን ልብ ይሏል፦ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 23 የተባለው «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በዳዊቱ 22 ነው።

ታዲያ ዳዊት በመድገም የሚገኘው ደስታ ከየት ይመጣል? 12ኛውን መዝሙር ቀስ ብለው ይድገሙት። «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምርና በጥቂት መስመር ውስጥ ልቡ በእግዚአብሔር ማዳን ደስ እንደሚለው ተናግሮ፣ በዝማሬ ይጨርሳል። በመካከል ጠላቱ አልተወገደም፤ የለመነው ዓይኖቹ እንዲበሩለት ነው። እምነት የሚያድገውም በዚህ መንገድ ነው፤ ኀዘንን ሳይደብቁ እግዚአብሔር ፊት ይዞ መቅረብን እየለመዱ። ሐሙስ የሚደርሰው 87ኛው ደግሞ በጨለማ ነው የሚያልቀው፤ መጽናኛ ቃል እንኳ አይጨምርም። ደጋሚው ግን እዚያ አይቆምም፤ ገጹን ሲገልጥ 88ኛው «ምሕረትህን ለዘላለም እዘምራለሁ» ብሎ ይቀበለዋል። ደስ ያለው ቀን ብቻ ዳዊቱን የሚያነሣ ሰው ይህን መሻገር አያገኘውም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በስሜት ተነሣሥቶ ሰኞ 30 መዝሙር ይደግማል፤ ረቡዕ ይደክመዋል፤ ዓርብ ይተወዋል። ለጀማሪ በቀን 3 መዝሙር ይበቃል፤ በ50 ቀን ያልቃል፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ እንዳለው የደስታ ወራት ማለት ነው። ልኩን ከንስሐ አባት ጋር ተመካክሮ መወሰን ይሻላል፤ የሥራውን ድካምና የቤቱን ሁኔታ ያውቃሉና።

ሌላው እንቅፋት ጥድፊያ ነው። ምላስ እየሮጠ ልብ ገበያ ከዋለ፣ ከ30ው አንዱን አስተውሎ መድገም ይበልጣል። ግእዝ የማይገባው በአማርኛ ይድገም፤ ግእዙን መማር የፈለገ አንዱን መዝሙር በሁለቱም ቋንቋ እያነበበ ይልመድ። አንድ ቀን ያመለጠው ደግሞ የትናንቱን በዛሬው ላይ አይከምር። ዕዳ ሲቆለል ጸሎቱ ይከብዳል፤ ከዚያም ዳዊቱን ማየት ያስፈራል። ማክሰኞ ያመለጠው ሰው ረቡዕ ሲነሣ 61ኛውን ይገልጣል።