መጀመሪያ ክዳኑ፣ ከዚያ ምንጣፉ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የይሁዳ ንጉሥ ኢዮአስ የእግዚአብሔር ቤት እንዲጠገን አዝዞ ነበር። በነገሠ በ23ኛው ዓመት ግን የተናደው እንደተናደ ነበር። ገንዘቡ ይገባል፣ ካህናቱም አሉ፣ ሥራው ግን የለም። ያን ጊዜ ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን አምጥቶ በመክደኛው ላይ የገንዘብ መጣያ ቀዳዳ አበጀና በመሠዊያው አጠገብ በስተቀኝ አኖረው (2ኛ ነገ. 12)። ስለ ሣጥኑ ብዙ ተሰብኳል። ቁጥር 13 ግን ይታለፋል፤ ከዚያ ገንዘብ የብር ጽዋ፣ መለከት፣ ምንም ዓይነት የወርቅና የብር ዕቃ አልተሠራም ይላል። የዋለው ለአናጢና ለግንበኛ፣ ለእንጨትና ለተጠረበ ድንጋይ ነው። ዜና መዋዕል ደግሞ ጥገናው ካለቀ በኋላ በተረፈው ገንዘብ ንዋያተ ቅድሳት እንደተሠሩ ይነግረናል (2ኛ ዜና 24፥14)። ዕቃው አልተናቀም፤ ተራው እስኪደርስ ቆየ እንጂ።

እኛ ተራውን ገልብጠነዋል። የጉዞ ማኅበራትም ሆኑ በውጭ አገር ያሉ ምእመናን ለገጠር አድባራት በብዛት የሚያበረክቱት ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ጃንጥላና ድምፅ ማጉያ ነው። የሚያፈስ ጣራ ሥር የተነጠፈ ምንጣፍ ግን ክረምቱን አይሻገርም። ጀርባው ፕላስቲክ የሆነ ምንጣፍ በአፈር ወለል ላይ ሲሆንማ ከሥር የሚመጣውን እርጥበት አፍኖ ምስጥ ይጠራል። ሰሌን ይሻል ነበር።

ክቡን የገጠር ቤተ ክርስቲያን አስቡት። ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ነው። ሥዕሎቹ በሸማ ላይ ተሥለው የተለጠፉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሲሆን የጣራው ጫፍም የሚያርፈው ከዚያው በላይ ነው። ስለዚህ በጉልላቱ ሥር የገባች ጠብታ መጀመሪያ የምታገኘው ሥዕሉን ነው። በክብ ጣራ ላይ ቆርቆሮው ወደ ጫፍ እየጠበበ ስለሚቆረጥ፣ የተቆረጠው ጠርዝ ቀድሞ ይዝጋል፤ የጉልላቱ መጋጠሚያም ቀድሞ ይከፈታል። ሙሉ ጣራ ከመቀየራችሁ በፊት ይህን ቦታ አስፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት ቆርቆሮና የአንድ ቀን የአናጢ ሥራ ይበቃል። ምስማሩ ጎማ ያለው ይሁን፣ በቆርቆሮው ሸንተረር ጀርባ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ሸለቆ አይመታ። ቆርቆሮው ከላይ ወደ ታች ሲደራረብ ቢያንስ 20 ሳ.ሜ. ይነባበር።

ሣር ክዳን ያለው ቤተ ክርስቲያን ካገኛችሁ ለመቀየር አትቸኩሉ። ሰንበሌጡ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ታጭዶ ቢደርስ የአካባቢው ሰው ክደናውን ያውቅበታል። ቆርቆሮ ግድ ከሆነም ክፈፉን አታሳጥሩ። ወፍራሙ ሣር ከግድግዳው ርቆ ያንጠባጥብ የነበረውን ውኃ አጭር ቆርቆሮ ግድግዳው ሥር ያፈስሰዋል፤ ከ60 እስከ 80 ሳ.ሜ. ይውጣ።

ከጣራው ቀጥሎ መሬቱ ነው። ለዘመናት የተጠራቀመ አፈርና አመድ የድንጋዩን መሠረት ቀብሮ ጭቃውን ሲነካ ግድግዳው ከሥር እየተበላ ይሄዳል። የተከመረውን ጥረጉ፣ መሠረቱ እንዲታይ አድርጉ። ከግድግዳው እስከ አንድ ሜትር ያለው መሬት ወደ ውጭ 5 ሳ.ሜ. ያህል ይዘቅዝቅ፣ ከዚያ ወዲያ ቦይ ይቆፈር። ለግድግዳ የተጠጋ አዲስ መቃብርም ውኃ ወደ መሠረቱ እንደሚያስገባ ለሰበካ ጉባኤው በአክብሮት ይነገር። ጽዱንና ወይራውን አትንኩ፤ በጣራው ላይ ያዘነበለው ቅርንጫፍ ብቻ ይገረዝ።

ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ከሁሉ የከፋው በጎ አድራጎት ነው። ሲሚንቶው ከጭቃው ጋር አይዋሐድም፤ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ ያጣል፣ ከውጭ ያማረው ግድግዳ ውስጡ ያለው ማገርና ቋሚ ይበሰብሳል። የዘይት ቀለምም እንዲሁ ነው። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ በአንድ ወቅት ለመከላከያ ተብሎ የተቀባው ሬንጅ ኋላ በብዙ ድካም መላጥ ነበረበት፤ አለት እንኳ ይህን አልቻለም። ጭቃ በጭቃ ይጠገን። አፈሩና የጤፍ ጭዱ (በግምት ለሦስት እጅ አፈር አንድ እጅ ጭድ) ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቡካ፤ በየቀኑ ይረገጥ። መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ተመርጎ ይታይ፤ ሲደርቅ በሰፊው ከተሰነጠቀ ጭድ ይጨመርበት። የድሮው ግድግዳ በውኃ ይረስርስ፣ አንዱ ምርጊት ሳይደርቅ ሌላው አይደረብ። ነጭ ከተፈለገ ኖራ አለ።

ሥዕል ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ የተላቀቀውን በምስማር መምታት፣ የደበዘዘውን በአዲስ ቀለም ማድመቅ መጠገን አይደለም። ጧፍና ሻማ ከሥዕሉ እንዲርቅ ማድረግ፣ ጣራውን መድፈን፣ ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ብራናም በላስቲክ ከረጢት አይታሰር፣ የተቀደደው በፕላስተር አይለጠፍ፤ በማኅደሩ ሆኖ ከመሬት ከፍ ብሎ አየር በሚያገኝበት ይቀመጥ።

ፈቃዱ በቅደም ተከተል ነው። ጥያቄው ከሰበካ ጉባኤው ይነሣ፣ በወረዳው ቤተ ክህነት በኩል ለሀገረ ስብከቱ ይድረስ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ከመጠገኑ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ስለሆነ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትም ይወቀው። መቅደስ ውስጥ የሚገቡት ካህናትና ዲያቆናት ብቻ ናቸው፤ እዚያ የሚሠራ ነገር ካለ ታቦቱ ወደ መቃኞ (ጊዜያዊ ማረፊያው) ስለሚሄድበት ሁኔታ የሚወስኑት አባቶች ናቸው፣ ማኅበሩ አይደለም።

የከተማ ወጣት የሚመቸው ቅዳሜና እሑድ ነው። ገጠሩ ግን ቀዳሚት ሰንበትንም ያከብራል፤ በየወሩ በ12 (ሚካኤል)፣ በ21 (ማርያም)ና በ29ም (በዓለ ወልድ) ብዙ ቦታ ዶማ አይነሣም። ባላገሩ በማይቆፍርበት ቀን እንግዳው ሲቆፍር መታየቱ ከተናደ ግድግዳ በላይ ያሳዝናል። ስለዚህ የዓመት ፈቃዳችሁን አውጥታችሁ በሥራ ቀን ሂዱ፤ ካልሆነም ለአካባቢው አናጢና መራጊ የቀን ዋጋ ክፈሉ። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ይሻላል፤ ሙያውም በዚያው ይቀራል።

ስለ ገንዘቡ የዮዳሄ ሥርዓት ይበቃናል። የሚቆጥሩት የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ በአንድነት ነበሩ። ዛሬም ሒሳቡ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ተከፍቶ ከአንድ በላይ ፈራሚ ይኑረው፣ ገቢው በሕጋዊ ደረሰኝ ይሁን። የተሰበሰበውንም ሁሉ በአንድ ጊዜ አትጨርሱ፤ በየዓመቱ ቦይ ለመጥረግና ምርጊት ለመደረብ የሚሆን ይቀመጥ።

ከዚያ በየዓመቱ ግንቦት ሳያልቅ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ለገበዙ (ለቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ጠባቂ) ደውሉ። ቦዩ ተጠርጎ እንደሆነ፣ በጉልላቱ ሥር የፀሐይ ብርሃን ሾልኮ ይታይ እንደሆነ፣ ጣራው ላይ የሚያወጣ መሰላል በግቢው ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። መሰላል ከሌለ የዘንድሮው ስጦታ እሱ ይሁን።