ምግብ አልወርድ ሲል፦ ከምግብ ቧንቧ ጀርባ ስለሚያልፈው ደም ቅዳ የሚባለውና እውነታው

«እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥለት።»
በለገጣፎም በሰበታም በቡራዩም መዋጥ ላስቸገረው ልጅ ቀድሞ የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው። እባካችሁ አታስቆርጡ! መድማትና ኢንፌክሽን እንጂ መፍትሔ አያመጣም። መዋጥ ከሚያስቸግሩ ምክንያቶች አንዱ ከእንጥል በታች፣ ደረት ውስጥ ነው። ወደ ቀኝ ክንድ የሚሄደው ደም ቅዳ በአፈጣጠር ከአኦርታ (ከልብ ከሚወጣው ዋናው ደም ቅዳ) በግራ በኩል ይነሳና አብዛኛውን ጊዜ በምግብ ቧንቧ ጀርባ ተሻግሮ ወደ ቀኝ ያልፋል፤ ሲያልፍም ቧንቧውን ይጫነዋል።

«ጨጓራ ነው፣ መድኃኒቱን ቀጥል።»
ውሃና ሾርባ እየወረደ ደረቅ ዳቦና ሥጋ ደረት ላይ የሚቆም ከሆነ የጨጓራ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም። ኤንዶስኮፒም (በአፍ በሚገባ ካሜራ የሚደረግ ምርመራ) ይህን ደም ቅዳ ሊያልፈው ይችላል። ባሪየም (በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ፈሳሽ) ተጠጥቶ በሚነሳ ራጅ ላይ ቧንቧው ከኋላ በሰያፍ ተጭኖ ይታያል፤ የሚያረጋግጠው ግን ደም ቅዳውን አጉልቶ የሚያሳይ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ የሚነሳ ሲቲ ስካን ነው። ካንሰርም አስቀድሞ መጣራት አለበት።

«ከታየ ኦፕራሲዮን ግዴታ ነው።»
አይደለም። ከ100 ሰው 1 ገደማ ይህ አፈጣጠር አለው፤ አብዛኛው ሳያውቀው ይኖራል። ችግሩ ቀላል ከሆነ ትንሽ ትንሽ ጎርሶ አላምጦ መብላት ይበቃል። ክብደት ሲቀንስ፣ መዋጡ እየባሰ ሲሄድ ወይም የደም ቅዳው መነሻ ሲያብጥ ግን ኦፕራሲዮን ይታሰባል። እብጠቱ ሊፈነዳ ስለሚችል ችላ አይባልም።

«ቆርጦ ማሰር ነው፣ በቃ።»
ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ቆርጠው ብቻ ካሰሩት ክንዱ የሚያገኘው ደም ያንሳል፤ ወደ አንጎል የሚወጣውም ደም ተመልሶ ወደ ክንዱ ሊወርድ ይችላል። ያኔ ልብስ ሲያጥብ ክንዱ የሚዝል፣ ራሱን የሚያዞረው ሰው ይኖራል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በቀኝ አንገት ሥር ተከፍቶ ደም ቅዳው ከመነሻው ይቆረጣል፤ አኦርታ ላይ የሚቀረው ጉቶ በጥንቃቄ ይሰፋል፤ ወደ ክንድ የሚሄደው ጫፍ ደግሞ ወደ ራስ ከሚወጣው የአንገት ደም ቅዳ ጋር ይገጠማል። ጉቶው ካመለጠ ወደ ደረት ውስጥ ስለሚሸሽ መድማቱን ማቆም ከባድ ነው። መነሻው ያበጠ ከሆነ የአንገቱ ስፌት ብቻውን አይበቃም፤ ደረት መክፈት ወይም በአኦርታ ውስጥ ሽፋን ያለው ስቴንት (ደም ሥርን ከውስጥ የሚደግፍ ቱቦ) ማስገባት ያስፈልጋል።

ከኦፕራሲዮን በኋላ የቀኝ እጅ ትርታ ይዳሰሳል፣ የደም ግፊትም በሁለቱም ክንድ ይለካል። ከቁስሉ ፈሳሽ ለማውጣት በሚገባው ቱቦ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ የሊምፍ ቧንቧ (ስብ ያለበትን ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልስ ሥር) ተነክቷል ማለት ነው። ድምፅ ከጎረነነም ወዲያው ይነገር፤ እነዚህ ሰዎች ላይ የቀኙ የድምፅ ነርቭ አካሄዱ ከተለመደው የተለየ ስለሆነ በቀላሉ ይነካል።

ኦፕራሲዮን ያልተደረገለት ሰው በሌላ ሕመም ቢተኛ ይህን አፈጣጠሩን ለሐኪሙ ይንገር። በአፍንጫ የገባ የምግብ ቱቦ ለረጅም ጊዜ ከቆየ በቱቦውና በደም ቅዳው መካከል ያለውን ግድግዳ ሊበላው፣ ከባድ መድማትም ሊያስከትል ይችላል።