ጣና ላይ በጋ ሲመጣ፦ የታንኳና የጀልባ ዝግጅት

መስከረም ሲጠባ ባሕር ዳር ዳርቻው ላይ ሁለት ዓይነት ሥራ ይታያል። አንዱ ጋ ቀለም፣ ግሪስና ቤንዚን ይሸታል። ሌላው ጋ የሚሸተው የደረቀ ደንገል ነው፤ ውሃ ዳር የሚበቅለው ሸምበቆ መሰል ተክል። የሞተር ጀልባውም ታንኳውም የሚሰናዱት ለአንድ ነገር ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ለሚጀምረው የጉዞ ወቅት።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል። ጠዋት ዘይት መስሎ የረጋው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ይናወጣል። ለዚህ ነው በሐይቁ ደሴቶችና ዳርቻ ወዳሉት ገዳማት የሚሄድ ሰው በማለዳ ውጣ የሚባለው። በዚህ ውሃ ላይ ችግር ያለበት ጀልባ የሚጋለጠው ሲመለስ ነው።

ከታንኳው እንጀምር። ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ እየተጠቀለለ በልጥ ወይም በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ፊቱ ወደ ላይ ቀና ይላል። ውስጡ ሌላ የደንገል ጥቅል ይነጠፋል፤ ቀዛፊው የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። በሥራው ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። ልጅ ከአባቱ አጠገብ ሆኖ እያየ የሚማረው ሙያ ነው።

ታንኳ ውሃ እንዳይገባበት ተብሎ የሚሠራ ነገር አይደለም። ውሃው በየቀዳዳው ይገባል፣ ይወጣል። የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ሆድ ውስጥ ያለው አየር ነው። ታንኳ ተሳፍሬ ሱሪዬ ሳይረጥብ እወርዳለሁ ብሎ የሚያስብ ካለ እንግዳ ሰው ነው። ጣጣው ደንገሉ ራሱ ቀስ በቀስ ውሃ መጠጣቱ ነው። የጠጣ ታንኳ ይከብዳል፣ ይሰምጣል ባይባልም ዝቅ ይላል፣ ጭነት መሸከም ያቅተዋል። ስለዚህ ትልቁ ጥገና ማድረቅ ነው። ከጉዞ በኋላ ዳር ወጥቶ ይቆማል፣ ውሃው ይንጠፈጠፋል። እንዲህ ቢደረግለትም ዕድሜው አጭር ነው፤ ከወራት አያልፍም። አንድ ሰው ታንኳዬን ለበጋው አዘጋጀሁ ሲል ብዙ ጊዜ አዲስ ሠራሁ ማለቱ ነው።

አዲስ ለመሥራት ደግሞ ደንገል ያስፈልጋል። ድሮ ዳርቻው ሁሉ ደንገል ነበር። ዛሬ ብዙው ለእርሻና ለግጦሽ ተመንጥሯል፣ ከተማውም ገፍቶታል። በእኔ አስተያየት ታንኳን ከሞተር ጀልባ በላይ የሚያሰጋው ይህ ነው።

የሞተር ጀልባ ዝግጅት ሌላ ዓለም ነው። የብረቱ ጀልባ ዝገቱ ይፋቃል፣ የሳሳው ቦታ ይበየዳል፣ ቀለም ይቀባል። ፋይበር ግላሱ ስንጥቅ ይፈለግበታል። ሞተሩ ዘይት ይቀየርለታል፣ ካንዴላው ተፈትቶ ይታያል። ጣና ጨው አልባ በመሆኑ ብረት እንደ ባሕር ላይ አይበላም። ነገር ግን ክረምት ጉማራና ርብን የመሳሰሉ ወንዞች ይዘውት የሚመጡት ደለል አለ። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ስለሆነ ደለሉ መስመሩን ሊደፍን ይችላል። ላይፍ ጃኬቶቹም አንድ በአንድ ቢታዩ ጥሩ ነው፤ ማሰሪያው የተበጠሰ ጃኬት ጌጥ ብቻ ነው።

ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም መጣ። የሞተር ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ ታንኳውን መንገድ ይዘጋበታል። የባሰው ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው። ባሕር ዳር ያለ ባለ ጀልባም ቢሆን ፕሮፔለሩን ሳያይ አይነሳም።

ይህ ሁሉ ጥድፊያ ለገና፣ ለጥምቀትና የካቲት 16 ለሚውለው የኪዳነ ምሕረት በዓል ለመድረስ ነው። ያኔ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚሻገረው ሰው ብዙ ነው። ሴት ተሳፋሪዎች አስቀድመው ቢጠይቁ ይሻላል፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴት አይገባባቸውም።

ጣና ከባሕር በጀልባ አይደረስበትም፤ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ጥቂት እንደሄደ ጢስ ዓባይ ላይ ይወረወራል። ጣናነሽ 2 የተባለችው ትልቅ ጀልባም ከጅቡቲ የመጣችው በተሽከርካሪ ተጭና ነው። በሌላ በኩል የጣና ደንገል ውቅያኖስ አይቷል። ኖርዌያዊው ተጓዥና ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል ራ የተባለች ጀልባ ያሠራው በኢትዮጵያ ደንገል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮ ተነስታ አትላንቲክን ልታቋርጥ ጥቂት ሲቀራት የኋላ ክፍሏ ውሃ ጠጥቶ ዝቅ አለ፤ ሰዎቹ ጥለዋት ወጡ። በዓመቱ ሁለተኛዋ ራ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

ከዘጌ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር የሚገባው ታንኳ ግን በሰዓታት ጉዞ ብቻ ረጥቦ ይደርሳል። እንጨቱን ያራግፋል፣ ተጎትቶ ይወጣል፣ ዛፍ ተደግፎ ይቆማል። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል።