ቬራክሩዝ፦ ከቤቶቿ በፊት ምክር ቤት የነበራት ወደብ

ቬራክሩዝ በምሥራቅ ሜክሲኮ፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የምትገኝ የወደብ ከተማና ራሷን የቻለች ማዘጋጃ ቤት ናት። ስሟን ከምትገኝበት ግዛት ጋር ትጋራለች፤ የግዛቱ ዋና ከተማ ግን እሷ ሳትሆን በደጋ ያለችው ሃላፓ ናት። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 607,209 ነዋሪዎች ነበሯት፤ በግዛቱ ካሉት 212 ማዘጋጃ ቤቶች ሁሉ በሕዝብ ብዛት ትበልጣለች። ብዙዎቻችን ሜክሲኮን የምናውቃት በአዲስ አበባው አደባባይ ነው። ጣሊያን በወረረን ጊዜ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ከጎናችን የቆመች አገር ብትሆንም ስለ ከተሞቿ በአማርኛ የሚነበብ ነገር እምብዛም የለም። ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመሠራረት

በጁን 1518 ስፔናዊው ሁዋን ደ ግሪሃልቫ ከዛሬዋ ከተማ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ደሴት በቅዱስ ዮሐንስ ስም ሳን ሁዋን ደ ኡሉዋ ብሎ ሰየማት። በዓመቱ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1519፣ ሄርናን ኮርቴስ ከደሴቷ ትይዩ ባለው አሸዋማ ዳርቻ ወረደ። ዕለቱ ስቅለት ነበረ። አዲሲቱ ከተማም ቪያ ሪካ ደ ላ ቬራ ክሩዝ፣ ማለትም «የእውነተኛው መስቀል ባለጸጋ ከተማ» ተባለች። አገሩ የቶቶናክ ሕዝብ ነበር፤ ቶቶናኮች በዚያ ዘመን ለአዝቴኩ ንጉሥ ለሞክቴዙማ ይገብሩ ነበር። ከተማ ሲቆረቆር ግን ማንም አላማከራቸውም።

ቬራክሩዝን ከሌሎች ወደቦች የሚለያት አመሠራረቷ ነው። ሌላው ከተማ ቤት ይሠራል፣ ገበያ ይቆማል፣ ኋላ ሹም ይሾምለታል። እዚህ ግን ሹሙ ቀደመ። ኮርቴስ ከኩባ የተነሣው የደሴቲቱ ገዥ ዲየጎ ቬላስኬዝ በሰጠው ፈቃድ ሲሆን፣ ፈቃዱ ለአሰሳና ለንግድ እንጂ አገር ለማቅናት አልነበረም። ከዚያ አልፎ ቢሄድ አመፀኛ ያሰኘዋል። በስፔን ሕግ ደግሞ የራሱ ምክር ቤት ያለው ከተማ አቤቱታውን በቀጥታ ለንጉሡ ማቅረብ ይችላል። ስለዚህ ወታደሮቹ ተሰብስበው ከተማ መሠረቱ፤ አሎንሶ ሄርናንዴስ ፖርቶካሬሮና ፍራንሲስኮ ደ ሞንቴሆ አልካልዴ፣ ማለት ዳኛም ሹምም፣ ሆነው ተሰየሙ። ኮርቴስ ከቬላስኬዝ የተቀበለውን ሥልጣን ለምክር ቤቱ አስረከበ። ምክር ቤቱም ነገሩን መርምሮ የገዥው ውክልና አብቅቷል ብሎ ወሰነና ያንኑ ሰው በንጉሡ ስም ዋና ዳኛና የጦር አዛዥ አድርጎ መልሶ ሾመው። በቦታው የነበረው ወታደር በርናል ዲያስ እንደጻፈው፣ በአደባባዩ የወንጀለኛ መቅጫ ምሰሶ፣ ከከተማው ውጭ ደግሞ መስቀያ ቆመ። ከተማዋን ከተማ ያሰኟት እነዚህ ሁለቱ ነበሩ፤ የቀረው ዳስ ነው። ምክር ቤቱ ከንጉሡ ድርሻ ቀጥሎ የወርቁ አንድ አምስተኛ ለኮርቴስ እንዲሆን መስማማቱን ግን ዲያስ ራሱ ቅር እያለው ነው የሚያወሳው።

የምክር ቤቱ ደብዳቤ ጁላይ 10 ቀን 1519 ተጻፈ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ሁለቱ አልካልዴዎች ይዘውት ወደ ስፔን ተጓዙ። ዘዴው ለኮርቴስ ጥቅም የተበጀ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ቢሆንም በሜክሲኮ ምድር ሥልጣን ከአንድ አለቃ ተነሥቶ በጉባኤ ስም ሲጻፍ ይህ የመጀመሪያው ነው። የቬራክሩዝ ሰዎች ከዚህም አልፈው ምክር ቤታቸው በአሜሪካ አህጉር ዋና ምድር የመጀመሪያው ነው ይላሉ። በዛሬዋ ኮሎምቢያ ዳርቻ የተቆረቆረችው የዳሪየን ከተማ በ1510 የራሷ ምክር ቤት ነበራትና አባባሉ ለሜክሲኮ እንጂ ለአህጉሩ ሁሉ የሚሠራ አይመስልም።

ከተማዋ በአንድ ቦታ አልረጋችም። መጀመሪያ ወደ ሰሜን፣ ኪያዊስትላን አጠገብ፣ ከዚያም በ1520ዎቹ አጋማሽ ዛሬ ላ አንቲጉዋ ወደሚባለው የወንዝ ዳር ሄደች፤ በ1600 ገደማ ወደ ተነሣችበት ዳርቻ ተመለሰች። ላ አንቲጉዋ አሁን ሌላ ማዘጋጃ ቤት ነው። እዚያ «የኮርቴስ ቤት» የሚባል ፍርስራሽ አለ፤ የዛፍ ሥር ግድግዳውን እንደ ገመድ ጠፍሮ ይዞታል። ኮርቴስ ኖሮበታል የሚለው ግን አሳማኝ አይደለም።

የቅኝ ግዛት ዘመን

ለሁለት መቶ ሃምሳ ዓመታት ያህል የሜክሲኮ ብር ወደ ስፔን የሚወጣው በዚህ ወደብ ነበር፤ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንም የገቡት በዚሁ በር ነው። የሳን ሁዋን ደ ኡሉዋ ምሽግ ከ1535 ጀምሮ ከባሕር በተቆረጠ የኮራል ድንጋይ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሚሠሩት አለት) ተገነባ። በሜይ 1683 ሎሬንሲዮ የሚባለው የባሕር ወንበዴ ከግብረ አበሮቹ ጋር ከተማዋን ዘርፎ ሕዝቡን በቤተ ክርስቲያን ዘጋበት። ከዘጠኙ የከተማ ግንብ ምሽጎች ዛሬ የቀረው የሳንቲያጎ ምሽግ ብቻ ነው፤ ግንቡ በ1880 ፈረሰ።

አራት ጊዜ ጀግና

የከተማዋ ይፋ ማዕረግ «አራት ጊዜ ጀግና» ነው። የመጀመሪያው ጀግንነት በ1825 ከሳን ሁዋን ደ ኡሉዋ የመጨረሻዎቹን የስፔን ወታደሮች ማስወጣት ነው፤ ሁለተኛው በ1838 የፈረንሳይን ድብደባ፣ ሦስተኛው በ1847 የአሜሪካን ከበባ መቋቋም። አራተኛው የ1914ቱ ነው።

በመካከሉ የሜክሲኮው ፕሬዝዳንት ቤኒቶ ሁዋሬስ በአገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ መንግሥቱን እዚህ አድርጎ፣ በጁላይ 1859 የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የወረሰውንና ጋብቻን ወደ መንግሥት መዝገብ ያዞረውን ሕግ አወጀ። ለእኛ ቅርብ የሆነ ሌላም ታሪክ አለ። በ1863 ፈረንሳይ ሜክሲኮን ስትወር፣ ቢጫ ወባው የአውሮፓ ወታደሮችን ስለፈጀባት ከግብፁ ገዥ 450 የሚጠጉ ወታደሮች ተዋሰች። አብዛኞቹ የሱዳን ልጆች ነበሩ። የቬራክሩዝን ቆላ እስከ 1867 ጠበቁ፤ ከዚያ አብዛኞቹ ተመለሱ፤ እዚያው የቀሩም ነበሩ።

1914 እና ነጻው ማዘጋጃ ቤት

ኤፕሪል 21 ቀን 1914 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለሜክሲኮው ገዥ ለዌርታ የሚመጣ መሣሪያ እንዳይራገፍ በሚል ወደቡን ያዘ። የሜክሲኮው አዛዥ ጦሩን ይዞ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና ተራው ነዋሪ ተዋጉ። ቪርሒሊዮ ኡሪቤና ሆሴ አሱዌታ የወደቁት ያኔ ነው፤ ስማቸውም ዛሬ በየመንገዱ ተጽፏል። የሜክሲኮ ሟቾች ቁጥር እንደ ጸሐፊው ይለያያል።

ቀጥሎ የሆነው ለአስተዳደር ታሪክ ይበልጥ ይጠቅማል። የአሜሪካው ጄኔራል ፍሬደሪክ ፈንስተን የከተማዋን ሹማምንት ወደ ሥራቸው ተመለሱ ቢላቸው እምቢ አሉ፤ የሜክሲኮ ሕግ ለወራሪ የሚያገለግልን ሹም እንደ ከሃዲ ይቆጥራልና። ስለዚህ የጦር መኮንኖች ራሳቸው ቀረጥ ሰበሰቡ፣ ገበያ አጠቡ፣ ቆሻሻ አነሡ። እስከዚያ ቀን ድረስ የመንገዱ ጽዳት በአብዛኛው የጥንብ አንሣዎች ሥራ ነበር። ወራሪው ከተማዋን ማጽዳቱ እውነት ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ደመወዛቸውን ትተው እቤታቸው መቀመጣቸው ግን ከጽዳቱ ይልቅ ሊታወስ ይገባዋል።

አሜሪካኖች ኖቬምበር 23 ቀን ሲወጡ ዌርታን የተዋጋው የአብዮቱ መሪ ቬኑስቲያኖ ካራንሳ ገብቶ ከተማዋን የመንግሥቱ መቀመጫ አደረጋት። በዲሴምበር 1914 መጨረሻ የነጻ ማዘጋጃ ቤት አዋጅን ያወጣው እዚሁ ሆኖ ነው። ከአብዮቱ በፊት ሜክሲኮን ለረጅም ጊዜ በገዛው በፖርፊሪዮ ዲያስ ዘመን በየአውራጃው ከላይ የሚሾም «ሔፌ ፖሊቲኮ» የሚባል አለቃ ነበር፤ ከንቲባው የሱ ታዛዥ ነው። አዋጁ ማዘጋጃ ቤት በሕዝብ በተመረጠ ምክር ቤት እንዲመራ፣ በእሱና በግዛቱ መንግሥት መካከልም ማንም እንዳይገባ ደነገገ። በ1917 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 115 ሆነ፤ እስከ ዛሬም የመላው ሜክሲኮ ማዘጋጃ ቤቶች መሠረት ነው። በ1519 የመጀመሪያው ምክር ቤት የቆመበት ዳርቻ፣ በ1914 የምክር ቤት ነጻነት የታወጀበትም ሆነ። የከተማዋ ኩራት ከመድፍ ይልቅ በዚህ ላይ ቢቆም ያምርባታል።

የተከራዮች አድማ

በ1922 መጀመሪያ የቤት ኪራይ ከአቅም በላይ ሆነ። ሳን ሳልቫዶር በሚባል የጋራ ግቢ የሚኖሩ ሴተኛ አዳሪዎች ኪራይ አንከፍልም አሉ፤ የተከራዩትንም ፍራሽ መንገድ ላይ አውጥተው እናቃጥለዋለን ብለው ተነሡ። ልብስ ሰፊው ኤሮን ፕሮዋል የአብዮታዊ ተከራዮች ማኅበር አቋቋመ። ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ በየበሩ ቀይና ጥቁር ባንዲራ ተሰቀለ፤ «በአድማ ላይ ነኝ፤ ኪራይ አልከፍልም» የሚል ወረቀትም ተለጠፈ። ከንቲባው ራፋኤል ጋርሲያ ራሱ በሠራተኞች ድጋፍ የተመረጠ ስለነበር በሁለት ቢላዋ መሐል ገባ። በጁላይ የፌዴራል ጦር ፕሮዋልንና ብዙ ተከራዮችን አሰረ፤ ሰዎችም ተገደሉ። የግዛቱ መንግሥት በ1923 የኪራይ ሕግ አወጣ።

የዛሬው አስተዳደር

የማዘጋጃ ቤቱ የበላይ አካል አዩንታሚየንቶ ይባላል። ከንቲባ፣ የሒሳብና የሕግ ጉዳይ የሚከታተል ሲንዲኮ፣ እንዲሁም ሬሂዶር የሚባሉ የምክር ቤት አባላት አሉት። ከንቲባውና ሲንዲኮው ብዙ ድምፅ ካገኘው ዝርዝር ይመጣሉ፤ የሬሂዶር መቀመጫ ግን ለፓርቲዎች እንደ ድምፃቸው መጠን ይከፋፈላል። በቬራክሩዝ ግዛት የሥራ ዘመኑ አራት ዓመት ነው። ሕገ መንግሥቱ ተከታታይ ዳግም ምርጫን የፈቀደው ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ የሥራ ዘመን በመሆኑ፣ እዚህ ከንቲባ በተከታታይ ሁለት ጊዜ አይመረጥም። ከ2022 እስከ 2025 ፓትሪሲያ ሎቤይራ ከንቲባ ነበሩ፤ በጁን 2025 ምርጫ ሮሳ ማሪያ ኤርናንዴስ ኤስፔሆ አሸነፉ።

ውኃ፣ ፍሳሽ፣ የመንገድ መብራት፣ ቆሻሻ፣ ገበያ፣ ቄራና መካነ መቃብር የማዘጋጃ ቤቱ ድርሻ ናቸው። የራሱ ዋና ገቢ የቤትና የቦታ ግብር ሲሆን ሌላው ከፌዴራልና ከግዛቱ መንግሥት ይመጣል። የውኃ አገልግሎቱ በ2016 የመንግሥትና የግል ድርሻ ወዳለበት ድብልቅ ኩባንያ መተላለፉ ብዙ አነታርኳል። ፖሊሱም ብዙ አሳልፏል፤ በዲሴምበር 2011 ከጎረቤቷ ቦካ ዴል ሪዮ ጋር በጋራ የነበራት ኃይል በሙስናና በወንጀለኞች ሰርጎ ገብነት ተጠርጥሮ ተበተነና ጥበቃው ለባሕር ኃይል ተሰጠ።

ወደቡ ራሱ በማዘጋጃ ቤቱ እጅ አይደለም፤ የፌዴራል ነው። በሰሜን በኩል አዲስ ወደብ ሲስፋፋ የባሕሩ የኮራል አለት ይጎዳል ብለው ነዋሪዎች ከሰሱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በፌብሩዋሪ 2022 ፈረደላቸው።

የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ከአሮጌው አደባባይ ዳር፣ ከካቴድራሉ አጠገብ ነው። በአደባባዩ ማታ ማታ ዳንሶን የሚባለው የጭፈራ ሙዚቃ ይመታል፤ ነጭ የለበሱ አዛውንት ጥንዶች ተያይዘው በዝግታ ይደንሳሉ። በባሕሩ ዳር ባለው አሮጌ ቡና ቤት ደግሞ ሰው ብርጭቆው ውስጥ ወፍራም ቡና ከተቀዳለት በኋላ በማንኪያ ያንኳኳል፤ አስተናጋጁ ድምፁን ሰምቶ ይመጣና ትኩስ ወተት ከከፍታ ያወርድለታል።