የድሮው ሂፕ ሆፕ፦ ሁለት ሸክላ፣ አንድ ካሴት፣ 10 ሰከንድ

«የድሮው ሂፕ ሆፕ» ሲባል የሚታሰበው ከ1973 እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ከተማ፣ በተለይም በብሮንክስ ተወልዶ ያደገው የሙዚቃ፣ የጭፈራና የግድግዳ ሥዕል ባህል ነው። የዚያን ዘመን አድማጮች ትዝታቸውን ሲጨዋወቱ ቀድመው የሚያነሡት ዕቃውን ነው፤ ሁለት የሸክላ ማጫወቻ፣ ከአንዱ ማጫወቻ ድምፅ ወደ ሌላው የሚያሻግር አንድ ሚክሰር፣ ከሰው ቁመት የሚስተካከል ስፒከር፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀዳ የሄደ ካሴት። ልክም ናቸው። የሙዚቃው መልክ የወጣው ከመሣሪያዎቹ አቅምና ከመሣሪያዎቹ ጉድለት ነው።

መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው ቀን ነሐሴ ወር ላይ፣ ኦገስት 11 ቀን 1973 ነው። በሴጅዊክ ጎዳና 1520 ቁጥር ሕንፃ ውስጥ ባለው የነዋሪዎች መዝናኛ ክፍል ሲንዲ ካምቤል ለትምህርት መክፈቻ የሚሆን ልብስ መግዣ ለማግኘት ግብዣ አዘጋጀች፤ መግቢያው ለሴት 25፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር። ሙዚቃውን ያጫወተው ከጃማይካ፣ ከኪንግስተን የመጣው ወንድሟ ክላይቭ ካምቤል፣ በመድረክ ስሙ ዲጄ ኩል ሄርክ ነው። ሄርክ ከአገሩ ይዞት የመጣው ልማድ ከፍተኛ ድምፅ ያለው የስፒከር ድርድርና በማይክ ሕዝቡን ማነቃቃት ነበር። ብሮንክስ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ጨፋሪዎቹ ሙሉውን ዘፈን ቆመው ያሳልፉና ዜማው ጸጥ ብሎ ከበሮው ብቻውን ሲቀር ይፈነዳሉ። ያ ክፍል «ብሬክ» ይባላል። የብሬክ ዳንስ ስም የመጣውም ከዚሁ ነው።

ምቱን መመለስ

ችግሩ ብሬክ አጭር መሆኑ ነው። የጄምስ ብራውን «ፈንኪ ድራመር» ላይ ከበሮው ብቻውን የሚሄደው ለ8 ባር (አንድ ባር አራት ምት ነው)፣ ማለትም 20 ሰከንድ ላልሞላ ጊዜ ነው፤ በብዙ ሸክላዎች ላይ ደግሞ ከዚያ ያጥራል። መፍትሔው ያንኑ ሸክላ ሁለት ቅጂ ገዝቶ በሁለት ማጫወቻ ላይ ማስቀመጥ ሆነ። አንደኛው ላይ ብሬኩ ሊያልቅ ሲል በሚክሰሩ ወደ ሁለተኛው ይሻገራሉ፤ ሁለተኛው ሲጫወት የመጀመሪያው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከዚያ እንደገና።

ሄርክ የሚያደርገው መርፌውን አንሥቶ በግምት መልሶ ማስቀመጥ ነበርና ምቱ አንዳንዴ ይዛነፍ ነበር። ይህን ያስተካከለው ሌላው የብሮንክስ ዲጄ ግራንድማስተር ፍላሽ ነው። መርፌውን ሳያነሣ ሸክላውን ራሱን በጣቱ ይይዛል፣ በላዩ በቀለም ምልክት ያደርጋል፣ ምልክቱ ስንት ዙር እንደተመለሰ ይቆጥራል። ስሌቱ ቀላል ነው። በደቂቃ 33⅓ ዙር የሚሽከረከር ሸክላ አንዱን ዙር በ1.8 ሰከንድ ይጨርሳል። በደቂቃ 100 ምት የሚሄድ ሙዚቃ አራት ባር ለመጨረስ 9.6 ሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ አራት ባር ለመድገም ሸክላውን 5 ዙር ከሲሶ መመለስ ነው። መነሻው ምት ላይ መድረሱን ደግሞ ሕዝቡ ሳይሰማ ለዲጄው ብቻ በሚያሰማ ማዳመጫ ያረጋግጣል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ብዙ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው የጎማ ምንጣፍ ሸክላውን አንቆ ስለሚይዝ በእጅ ሲያቆሙት ሞተሩም አብሮ ይንገዳገዳል፤ ፍላሽ ጎማውን አውጥቶ በስታርች ያደረቀው ስስ ጨርቅ አደረገበት። በቀበቶ የሚዞር ማጫወቻ ሲለቁት ፍጥነቱን ለመያዝ ይዘገያል፣ ቀበቶውም ይረግባል። ሞተሩ ከሳህኑ ጋር በቀጥታ የተያያዘው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ግን ቶሎ ይነሣል፤ በ1979 የወጣው ሁለተኛው ሞዴል በ0.7 ሰከንድ ሙሉ ፍጥነት ላይ ይደርሳል፤ ፍጥነቱን እስከ 8 በመቶ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ተንሸራታች መቆጣጠሪያም አለው። ያ ሞዴል የዲጄዎች ሁሉ ዕቃ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መርፌው ክብ ጫፍ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ሞላላው ወደ ኋላ ሲመለስ የሸክላውን መስመር ይፍቃል። መርፌው እንዳይዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም መለጠፍም የተለመደ ነበር፤ መዝለሉ ይቆማል፣ ሸክላው ግን ቶሎ ያልቃል። ደጋግመው የመለሱበት ቦታ ከጊዜ በኋላ «ሽሽሽ» ማለት ይጀምራል፤ የድሮ ዲጄ ሸክላ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ድምፅ ነው። ሸክላውን ወደፊትና ወደኋላ እየፈተጉ ድምፁን ራሱን መሣሪያ ማድረግ፣ ስክራች፣ የግራንድ ዊዛርድ ቲዮዶር ግኝት ነው።

በመናፈሻዎች በሚደረጉ ግብዣዎች ኤሌክትሪኩ የሚሳበው ከመንገድ መብራት ምሰሶ ነበር። ስፒከሩ ለማጫወቻው ከቀረበ ወፍራሙ ድምፅ በመርፌው ተመልሶ ይገባና ማጉረምረም ይጀምራል፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ከስፒከሩ ይርቃል፣ ከማጫወቻው ሥር ስፖንጅ ወይም ብሎኬት ይደረጋል፣ ሰዉም በገመድ ይከለከላል። ከሰው ዓይን የሚደበቅ ሌላም ነገር ነበር፤ የሸክላው ስም። ሄርክ ተፎካካሪ አይቶ እንዳይገዛ የሸክላዎቹን ወረቀት በውኃ ነክሮ ይልጥ ነበር።

ካሴት

ግጥም የሚያወርዱት ኤምሲዎች መጀመሪያ የዲጄው አድማቂ ነበሩ። እንግዶችን በስም ይጠራሉ፣ በአጫጭር ስንኝ ቤት ይደፋሉ። በ1979 «ራፐርስ ዲላይት» ሲወጣ፣ ከ14 ደቂቃ በላይ የሚረዝም ሸክላ፣ ዓለም ራፕን በዚያ አወቀው። ለብሮንክስ አድማጭ ግን ነገሩ እንግዳ ነበር፤ ምቱን ስቱዲዮ ውስጥ ሙዚቀኞች ተጫወቱት እንጂ ዲጄ አልመለሰውም። እውነተኛው ሙዚቃ የነበረው ከዚያ በፊትም ለዓመታት ሲዞር በቆየው የግብዣ ካሴት ላይ ነው። በ1981 ሃርለም ወርልድ በተባለው አዳራሽ ኤምሲው ኩል ሞ ዲ ሌላውን ኤምሲ ቢዚ ቢን በግጥም የረታበት ምሽት ዛሬም የሚነገርለት ካሴቱ ስለተባዛ ነው።

ማባዛቱ ዋጋ ነበረው። እያንዳንዱ ቅጂ ከበፊቱ ቅጂ ላይ ሹክሹክታ ይጨምራል፣ ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሳል፤ አራተኛ እጅ ላይ ሲደርስ የከበሮው ጸናጽል ይደበዝዛል። ባለ 90 ደቂቃው ካሴት፣ በየገጹ 45፣ የሚመረጠው ረጅም ሆኖ ሳለ ስላልሳሳ ነው። ባለ 120ው ክሩ ስስ በመሆኑ ይለጠጣል፣ ቴፑም ይበላዋል። ሸክላና ሚክሰር የሌለው ልጅ ደግሞ በባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ብቻ ምት ይሠራ ነበር። ብሬኩን ይቀዳል፣ መጨረሻው ላይ ፖዝ ይጫናል፣ ምንጩን ይመልሳል፣ የመጀመሪያው ምት ሲመጣ ፖዙን ይለቃል፤ ይህን ሃምሳ ጊዜ። ጣት በቅጽበት ከዘገየ ምቱ ያነክሳል፤ ፖዙ ለረጅም ጊዜ ተይዞ ከቆየ ብዙ ቴፖች ራሳቸውን ያጠፋሉ።

10 ሰከንድ

በ1987 የወጣው ኢ-ሙ ኤስፒ-1200 ይህን የጣት ሥራ ወደ ሳጥን አስገባው። ከሸክላ የተቆረጠ ድምፅ ይዞ በቁልፍ የሚያስመታ ሳምፕለር ነው። ጠቅላላ የሚይዘው 10 ሰከንድ ገደማ፣ አንዱ ቅንጫቢ ደግሞ ከ2.5 ሰከንድ የማይበልጥ ነበር። በደቂቃ 90 ምት የሚሄድ አንድ ባር 2.67 ሰከንድ ስለሚፈጅ አይገባም። ዘዴው የ33ቱን ሸክላ በ45 ፍጥነት ማጫወት ነው፤ ያው ባር ወደ 1.98 ሰከንድ ያጥርና ይገባል። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ መልሶ ማዝገም። መሣሪያው በ12 ቢት፣ በሰከንድ 26,040 ጊዜ ብቻ ድምፁን ስለሚለካ ሲዘገም አሸዋማ፣ ሻካራ ድምፅ ይወጣዋል። ያ ሻካራነት ከመሣሪያው አቅም ማነስ የመጣ ነው፤ የዘመኑ ውበት ግን እሱ ነው፣ ዛሬ ሰዎች በኮምፒዩተር አስመስለው ሊመልሱት የሚደክሙበትም እሱ ነው።

በ1988 እና በ1989 የራፕ ቡድኖቹ የፐብሊክ ኤነሚና የዴ ላ ሶል አልበሞች በአንድ ዘፈን ውስጥ ከብዙ ሸክላ የተቀነጨበ ድምፅ ደራርበው ወጡ። በታኅሣሥ ወር 1991 አንድ የኒው ዮርክ ፌዴራል ዳኛ ያለፈቃድ ቅንጫቢ በመጠቀም በተከሰሰው ራፐር በቢዝ ማርኪ ጉዳይ ላይ «አትስረቅ» ከሚለው ትእዛዝ የሚጀምር ውሳኔ ሰጡ፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቅንጫቢ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ግድ ሆነ፣ ያ የመደራረብ ዘይቤም ከአቅም በላይ ተወደደ። የዴ ላ ሶል የመጀመሪያ አልበሞች በኢንተርኔት ማጫወቻዎች ላይ የተገኙት በማርች 2023 ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የቅንጫቢዎቹ ፈቃድ ነበር።

ሸክላ ፍለጋው አዲስ አበባም ደርሷል። «ኢትዮፒክስ» በተባለው የሲዲ ተከታታይ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ዘፈኖቻችን እንደገና ሲወጡ የአሜሪካ ምት ሠሪዎች እጅ ገቡ። በ2009 ኦ ኖ የተባለው የካሊፎርኒያ ሰው አንድ ሙሉ አልበም ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ቀንጭቦ ሠራ፤ በ2010 ደግሞ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» የራፐሩ የናስና የሬጌ ዘፋኙ የዴሚየን ማርሊ ዘፈን መሠረት ሆነ።

የቆየ ካሴት ያለው ሰው ሳያጫውት በፊት፣ ክሩ በሚታይበት ጠርዝ መካከል ያለችው ትንሽ ስፖንጅ አለመርገፏን ይይ፤ ከረገፈች ክሩን ወደ ሌላ ባለ ብሎን ቀፎ ማዛወር ይሻላል። በሁለቱም አቅጣጫ አንድ ጊዜ እስከ ዳር ያጠንጥነው፤ የተጣበቀ ካለ ይላቀቃል። የቴፑን ማንበቢያ በአልኮል በረጠበ ጥጥ ይጥረግ። ድምፁ ከታፈነ ዶልቢው (የሹክሹክታ መቀነሻው) መጥፋቱን ይመልከት፤ ካልሆነ ከማንበቢያው ጎን ያለችውን ብሎን በጥቂቱ እያዞረ ጸናጽሉ ጥርት የሚልበትን ቦታ ይፈልግ። ከዚያ ወደ ኮምፒዩተር ይቅዳው፣ ያንንም በመጀመሪያው ማጫወት ላይ፤ ያረጀ ክር ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላል።